የግራ እግር

የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታ ከሌላ ሽታ ጋር አይምታታም። የጎማ ቃጠሎ አይደለም፤ የዘይትም አይደለም። እሳት ዳር የተረሳ ካርቶንና የጠጉር ቃጠሎ ቢቀላቀሉ የሚሰጡት ዓይነት፣ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ እስከ ማግስቱ የሚከርም ሽታ ነው። በ2017 ዓ.ም. የመስቀል ማግስት፣ ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚወጣው ዳገት አጋማሽ ላይ ያ ሽታ ከኋላ መቀመጫ በኩል ሲመጣ መሪውን የያዙት አባቴ ነበሩ። እኔ ለአክስቴ የተላከውን ሙዝ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ከጎናቸው ተቀምጫለሁ።

ሞተሩ ይጮኻል፤ መኪናዋ ግን ትንፏቀቃለች። አባቴ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ማርሽ መለሱ፤ ነዳጅ ሰጡ። ጩኸቱ ጨመረ፤ ፍጥነቱ ቀነሰ። በመጨረሻም ቆመች።

«ዳገቱ ነው» አሉ፤ ፊታቸውን ወደ እኔ ሳያዞሩ።

ዳገቱስ ዳገት ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ጨንቻ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ደግሞ 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ከሙዝ አገር ተነሥቶ፣ ጆሮ እየተደፈነ፣ ወደ ቀርከሃና ወደ አፕል አገር መውጣት ነው። ይሁን እንጂ አባቴ ይህን ዳገት ለሠላሳ ዓመታት በዚህችው መኪና ወጥተውታል። በየመስቀሉ ወደ ታላቅ እኅታቸው ቤት ሳይወጡ ቀርተው አያውቁም። ለጋሞ ሰው መስቀል የቤተ ዘመድ መገናኛ ነው፤ የቀረ ሰው ምክንያቱን ዓመቱን ሙሉ ሲያስረዳ ይኖራል። ያን ዕለት ግን መኪናዋን አዙረን፣ በአንደኛ ማርሽና በፍሬን ቀስ እያልን ቁልቁል ተመለስን። ከታች አባያ ጭቃ መስሎ ቀልቶ፣ ከማዶው ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ ይታዩ ነበር። አባቴ እስከ ቤት ድረስ አልተነፈሱም።

ስለ መኪናዋ ጥቂት ልበል። ቮልስዋገን ናት፤ በእኛ አፍ «ቮልስ»። ጀርባዋ የጎበጠ፣ ሞተሯ ከኋላ የተቀመጠ፣ ውኃ ሳትጠጣ በነፋስ ብቻ የምትቀዘቅዝ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የወጡት በእንዲህ ያለች መኪና ነበር። አባቴ ይህን ባነሡ ቁጥር «ንጉሥ የተሳፈረባት» ይሉና ጥቂት ቆይተው «በመጨረሻው ቀን» ብለው ይጨምራሉ። ፋብሪካው የመጨረሻዋን ቮልስ በሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ላይ ያወጣው በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ነው፤ እስከዚያ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል። ከእነዚያ ሁሉ አንዷ ሲቀላ ሠፈር፣ እኛ ግቢ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር ትኖራለች።

ለምን ወደ ጋራዥ አልወሰዳችኋትም የሚል ይኖር ይሆናል። ሁለት ምክንያት ነበረን። አንደኛው፣ አባቴ መኪናቸውን ሰው እንዲነካባቸው አይወዱም። ሁለተኛው፣ ከመንገድ ዳር ሆኖ በቤት ውስጥ ፍሪሲዮን ለመቀየር ከቮልስ የተመቸች መኪና የለችም። በሌሎቹ መኪኖች ካምቢዮው ይወርዳል፤ በቮልስ ግን የሚወርደው ሞተሩ ነው። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚይዙት አራት ቡሎኖች ብቻ ናቸው። እነርሱ ከተፈቱ አንድ ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ሞተር ወደ ኋላ ተስቦ ይወጣል። በልጅነቴ አባቴ መኪናዋ ሥር ተኝተው እጃቸውን ሲዘረጉ «ባለ 17 ቁልፍ»፣ «ካቻቢቴ»፣ «ፒንሳ» የሚሉኝን የማቀብል እኔ ነበርሁ። ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ ሄደ፤ ቃላቱ ግን በቅባት እጃችን ላይ ተጣብቀው ቀሩ። ፍሪሲዮንም ከእነርሱ አንዱ ነው። በቋንቋው መፋተግ ማለት ነው።

ስሙ ሥራውን ይናገራል። ሞተሩ መጨረሻ ላይ ቮላኖ የሚባል ከባድ የብረት ጎማ አለ፤ ሁልጊዜ ይዞራል። ከእርሱ ፊት ለፊት በጠንካራ ሞላ የሚጫን ሌላ የብረት ሳህን አለ። በሁለቱ መካከል ሁለት ፊቱ በሸራ የተለበጠ ቀጭን ዲስክ ይገባል፤ እርሱ ወደ ካምቢዮው በሚገባው ዘንግ ላይ የተሰካ ነው። እግር ከፔዳሉ ሲነሣ ሞላው ዲስኩን ከቮላኖው ጋር ጭምቅ አድርጎ ይይዘዋል፤ ሦስቱ አንድ ሆነው ይዞራሉ፤ ጎማም ይዞራል። እግር ፔዳሉን ሲረግጥ ኩሽኔታው የሞላውን ጣቶች ይገፋል፤ ዲስኩ ይለቀቃል፤ ሞተሩ ለብቻው፣ ጎማውም ለብቻው ይሆናሉ። በዚያች ቅጽበት ማርሽ ይቀየራል።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ዲስኩ ሲገጥም አይበላም፤ ከቮላኖው ጋር እኩል ስለሚዞር የሚፋተግ ነገር የለም። ፈጽሞ ሲለያይም አይበላም፤ የሚነካው የለምና። የሚበላው በመካከል ነው፤ ግማሽ ተነክቶ ግማሽ ሲለቀቅ። መኪና ሲነሣ ያ መካከል ለሁለት ሰከንድ ግድ ይሆናል፤ ፍሪሲዮን የተሠራውም ለእርሱ ነው። ከዚያ ካለፈ ግን እሳት ነው። አባቴ ወደ ኮንሶ በሚወስደው ሜዳማ መንገድ ላይ መንዳት ሲያስተምሩኝ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ያኔ የነገሩኝ አንድ ቃል ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም። «ወይ ርገጥ፣ ወይ ልቀቅ። በመካከል አትቁም። ሥራው ሲያልቅ እግርህ ወለሉ ላይ ይረፍ።»

በማግስቱ ጧት ሥራ ጀመርን። የባትሪውን ሽቦ ፈታሁ፤ ቮልስ ባትሪዋን የምትሸከመው ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው። የቤንዚን ጎማውን ደፍኜ አሰርሁ፤ የነዳጅ ሽቦውን፣ የኤሌክትሪክ ገመዶቹን፣ የሙቀት ቱቦዎቹን አላቀቅሁ። የኋላውን በክሪክ አንሥተን በወፍራም የግንድ ጉማጅ አስደገፍናት፤ ብሎኬት ሸክም ሲበዛበት ስለሚሰነጠቅ የሰው ነፍስ አይታመንበትም። አባቴ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እያንዳንዱን ዳዶ በወጣበት ቅደም ተከተል በወረቀት ላይ ይደረድሩ ነበር። ከሰዓት በኋላ ከመንገድ አራት የባጃጅ ልጆች ጠራን። አንድ ሁለት ብለን ስበን ሞተሩን አሮጌ ጎማ ላይ አሳረፍነው።

ዲስኩን ሳወጣው ሸራው አልቆ የያዙት የናስ ምስማሮች ብረቱን ቦርቡረውታል። ቮላኖው ላይ እዚህም እዚያም ሰማያዊ ነጠብጣብ ወጥቷል፤ ብረት ከልክ በላይ ሲግል የሚያወጣው ቀለም ነው። ኩሽኔታው በጣት ሲዞር አሸዋ እንደገባበት ወፍጮ ይንኮሻኮሻል። ውስጡን የሞላውን ጥቁር ብናኝ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁት። የድሮ ሸራዎች አስቤስቶስ ስላለባቸው ያን ብናኝ እፍ ማለት ሳንባን መጉዳት ነው፤ ይህንንም ለባጃጅ ልጆቹ ነገርኋቸው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጥያቄ ግን «ምን ተበላ?» ሳይሆን «ለምን ተበላ?» የሚል ነበር። ዲስኩ የተቀየረው በ2014 ዓ.ም. ነው፤ ደረሰኙ በመኪናዋ መሳቢያ ውስጥ አለ። አባቴ ደግሞ ከጡረታ ወዲህ ከገበያ፣ ከለቅሶ ቤትና ከጨንቻ በቀር የሚሄዱበት የላቸውም። በዚህን ያህል ጉዞ ፍሪሲዮን አያልቅም።

ተጠርጣሪዎቹን አንድ በአንድ ጠየቅሁ። በመጀመሪያ ዘይት። የሞተሩ ጎሚኒ ካረጀ ዘይት ወደ ዲስኩ ይፈስና ሸራው ይንሸራተታል። ቮላኖውን ዙሪያውን በጣቴ ዳሰስሁት፤ ደረቅ ነው። ቀጥሎ ሽቦ። ከፔዳሉ ወደ ካምቢዮው የሚሄደው የፍሪሲዮን ሽቦ ከጠበቀ ኩሽኔታው ሞላውን ሁልጊዜ ይጫናል፤ ስለዚህ ፔዳሉ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር በባዶ መሄድ አለበት። ይህን ሞተሩን ሳልፈታ በፊት በማስመሪያ ለክቼው ነበር። አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል፤ እንከን የለውም። ከባጃጅ ልጆቹ አንዱ «ጋሼ፣ ዕቃው ፎርጅድ ነው» ሲል ፈረደ። እኔም ነገሩን ለመዝጋት ስል ተስማማሁ።

የቀረ አንድ ተጠርጣሪ ነበረ፤ እግር። ፔዳሉ ላይ አርፎ የሚቀመጥ፣ የማይረግጥም የማይለቅም እግር። ይህ የጀማሪ ሾፌር ጥፋት ነው። ያን ቃል ያስተማሩኝ ሰው እንዴት ይህን ያደርጋሉ? አባቴ ዲስኩን ከእጄ ተቀብለው ገለበጡት፤ በአውራ ጣታቸው ምስማሮቹን ዳበሱ። ምንም ሳይሉ ማንጎው ቅርንጫፍ ላይ በሽቦ ሰቀሉትና ሽፈራውን ውኃ ሊያጠጡ ሄዱ።

አዲሱ ዲስክ እስኪመጣ ድረስ ብዙ ቀን ፈጀ። አዲስ አበባ ያለ ወዳጄ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ገብቶ የላከልኝ 180 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ፤ የእኛ ሞተር 1600 ስለሆነ የሚፈልገው 200ውን ነው። እንደገና ተላከ። ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ በአውቶቡስ ተጉዞ እስኪደርስ እኔ ያለ ሥራ ተቀመጥሁ። ከአባቴ ጋር ያለ ሥራ የተቀመጥሁበትን ጊዜ ሳሰላው ዓመታት ሆኖት ነበር።

አዲስ አበባ ከገባሁ ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። በየእሑዱ እደውላለሁ። «እንደምን ነዎት አባባ?» «ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ?» «ደኅና።» «ሥራስ?» «ደኅና ነው።» ከዚያ ስልኩ ለእናቴ ይተላለፋል። ይህ ንግግር ሁለት ደቂቃ አይሞላም፤ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉም አንድ ቃል አልተለወጠበትም። እኔ የጠየቅሁ ይመስለኛል፤ እርሳቸውም የመለሱ ይመስላቸዋል። ስኳር እንዳለባቸው አውቃለሁ፤ ኪኒናቸውን እንደሚውጡም አውቃለሁ። ከዚያ ያለፈውን አልጠየቅሁም። ፈጽሜ ርቄ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ናፍቆት አስደንግጦ ያመጣኝ ነበር። ቀርቤ ቢሆን ደግሞ ባየሁ ነበር። እኔ ግን በመካከል ነበርሁ።

በእነዚያ ቀናት እናቴ ቡና እያፈላች አንድ ነገር አለችኝ፤ የሰማሁት ግን በአንድ ጆሮ ነው። «አባትህ እኮ ነጠላ ጫማው ከእግሩ ወልቆ ሲቀር አያውቅም። በረንዳ ላይ አንዱን፣ ጓሮ አንዱን እየለቀምሁ ነው የምውለው።» ሳቅን። እርጅና ነው አልን።

ዲስኩ ደረሰ፤ 200 ነው። ዲስኩን በቮላኖው መካከል በትክክል ለማቆም የሚያገለግለው መሣሪያ ስላልነበረን የመጥረጊያ እንጀታ ቆርጬ፣ በፕላስተር እየጠቀለልሁ ልኩን አበጀሁለት። ሳህኑን የሚይዙት ስድስት ቡሎኖች በአንድ ጊዜ አይጠብቁም፤ ፊት ለፊት እየተያዩ ጥቂት በጥቂት ነው የሚጠብቁት፤ አለዚያ ሳህኑ ይጣመማል። አዲስ ኩሽኔታም ገባ። ከዚያ ከባዱ ሥራ መጣ። የካምቢዮው ዘንግ የዲስኩን ጥርሶች አግኝቶ እስኪገባ ድረስ ሞተሩን ደረጃውን ጠብቆ ወደ ፊት መግፋት ነው። ልጆቹ ይገፋሉ፤ አይገባም። አባቴ በጎን ቆመው ብቻ ይመለከቱ ነበር። ወዲያው ቀረብ ብለው «ማርሽ ውስጥ ክተታትና ፑሌጃውን በእጅ አዙር» አሉኝ። አዞርሁ። «ቀስ… ገና… ገና…» ጥርስ ከጥርስ ሲገናኝ «ጭጭ» የሚል ድምፅ ተሰማና ሞተሩ በራሱ ፈቃድ የሚገባ መስሎ ገባ። ልጆቹ አጨበጨቡ። አባቴ ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ልጆቹ ሄዱ፤ የላይኞቹ ቡሎኖች ቀሩ። እነዚህን አንድ ሰው ብቻውን አያጠብቃቸውም፤ አንዱ ከሥር ተኝቶ ራሱን ይይዛል፣ ሌላው ከላይ ቆሞ ዳዶውን ያዞራል። እኔ ከሥር ገባሁ፤ አባቴ ከላይ በሞተሩ ክፍል እጃቸውን ሰደው ቆሙ። ለእናንተ ይህን ሥፍራ ልግለጸው። መኪና ሥር የተኛ ሰው ከዓለም የሚታየው ጥቂት ነው፤ ከላዩ የዘይት ሆድ፣ በጎን ደግሞ የቆመ ሰው እግር። እኔም የአባቴን ሁለት እግሮች ከቁርጭምጭሚት እስከ ጣት፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት አየኋቸው። እንዲህ ቀርቤ አይቻቸው አላውቅም።

ቀኙ ነጠላ ጫማ አጥልቋል። ግራው ባዶ ነው፤ ጫማው ወደ ኋላ ቀርቷል። ግራው እግር የቆመውም በመሬት ላይ አልነበረም። የቤንዚን ጎማውን የሚያስረው፣ ጫፉ እንደ ምላጭ የተሳለ የቆርቆሮ ማሰሪያ ከእጃችን ወድቆ ኖሮ፣ እርሱ ላይ ነበር የቆመው። አባቴ ዳዶውን ለማዞር በጎበጡ ቁጥር ክብደታቸው ሁሉ እዚያ ላይ ያርፋል። ከአውራ ጣታቸው ሥር ቀጭን የደም መስመር ወጥቶ አፈሩን አጥቁሮታል።

አባቴ ያፏጫሉ።

«አባባ» አልሁ። «እግርዎ።»

«ምን ሆነ?»

ጥያቄያቸው የእውነት ነበር። እግራቸው ምን እንደሆነ የጠየቁት እኔን ነበር።

ከሥር ወጥቼ በርጩማው ላይ አስቀመጥኋቸው። እግራቸውን አንሥቼ ጭኔ ላይ አኖርሁት፤ ማሰሪያውን ነቀልሁ፤ አላንቀሳቀሱትም። ደሙን ሲያዩ «አየ» ብለው ዝም አሉ። ተረከዛቸው ሥር ደግሞ ሌላ፣ ከዚህ የቆየ፣ ዙሪያው የነጣ ቁስል ነበረ። ስለ እርሱም አያውቁም።

«ሁለት ዓመት ሆነው» አሉ በመጨረሻ። «መጀመሪያ ይቆረጥመኝ ነበር። ኋላ ዝም አለ። ዝም ሲል የዳነ መስሎኝ እግዚአብሔርን አመሰገንሁ። አሁን የምራመደው ጥጥ ላይ ነው።» ጥቂት ቆዩና ቀና ብለው ማንጎው ላይ የተሰቀለውን ዲስክ ተመለከቱ። «ፔዳሉን በጉልበቴ እረግጠዋለሁ። መርገጤንስ ጉልበቴ ይነግረኛል። ማንሣቴን ግን… አንሥቼዋለሁ እያልሁ ነው የምሄደው። ወለሉ ላይ ያለ ይመስለኛል።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«መች ጠየቅኸኝ?» አላሉም። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። ያሉት «ለምን ላስጨንቅህ?» ነው።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄድን። የመረመረቻቸው ወጣት ሐኪም ዓይናቸውን እንዲጨፍኑ አዘዘቻቸውና ከመሳቢያዋ አንዲት ቀጭን የናይለን ክር አወጣች። «አባባ፣ ስነካዎት ‹አዎ› ይበሉኝ» አለች። ክሩ እስኪታጠፍ ድረስ የግራ እግራቸውን መዳፍ ነካች። አባቴ ዝም። ሌላ ቦታ ነካች። ዝም። ክሩ ሲታጠፍ እኔ አያለሁ፤ አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ ጥያቄው እስኪመጣ ይጠብቃሉ። ስድስተኛው ላይ «ጀመርሽ እንዴ ልጄ?» አሉ።

ሐኪሟ ነገሩን በቀላል ቃል አስረዳችን። በደም ውስጥ ለዓመታት የበዛ ስኳር ነርቭን ይጎዳል፤ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረውም ከረጃጅሞቹ ነው። ረጃጅሞቹ ደግሞ እግር የሚደርሱት ናቸው። ሕመም ሲጠፋ በሽታው ለቀቀ ማለት አይደለም፤ የሚናገረው ጠባቂ ተኛ ማለት ነው። ጠባቂ የሌለው እግር ጠጠር ቢገባበት፣ ጫማ ቢፍቀው፣ እሳት ቢለበልበው አያውቅም፤ ቁስሉ ያመረቅዛል፤ ብዙ ሰው እግሩን የሚያጣው በዚህ ነው። የተረከዙ ቁስል ገና ወደ አጥንት አልደረሰም፤ ይድናል አለች። ቁስሉን ጠረገች፤ መድኃኒት አዘዘች። ከዚያም እኔን ሳይሆን አባቴን እያየች «መንዳቱንስ?» ብላ ጠየቀች።

አባቴ አልመለሱላትም።

ሞተሩን በሁለተኛው ቀን አስነሣሁት። አዲሱን ሽቦ አስተካክዬ፣ ፔዳሉን ለክቼ፣ ለመሞከር ከሲቀላ ወደ ሴቻ የሚወስደውን ዳገት መረጥሁ፤ ለፍሪሲዮን ከእርሱ የተሻለ ፈተና አቅራቢያችን የለም። አባቴ እግራቸው በፋሻ እንደታሰረ መጥተው፣ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀኝ በኩል ተቀመጡ። ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ወጣናት። አልተንሸራተተችም፤ አልሸተተችም። ሴቻ ጫፍ ላይ፣ ገደሉ አፋፍ ደርሰን ቆምን። ከታች በግራ አባያ፣ በቀኝ ጫሞ፣ በመካከላቸው ሰዉ «የእግዜር ድልድይ» የሚለው ደንም ሸንተረርም የሆነ ምድር። ጫሞ ላይ ፀሐይ ነበረ።

መንገድ ላይ ያሰብሁትን እዚያ ነገርኋቸው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አዲስ አበባ በኤሌክትሪክ መኪና እየተሞላች ነው። እነርሱ ፍሪሲዮን የላቸውም፤ ግራ እግር አይጠይቁም። «ጥቂት ገንዘብ አለኝ፤ እናትም ትጨምራለች፤ ፍሪሲዮን የሌላት አንዲት ብንገዛስ?» አልኋቸው። መፍትሔ ያገኘሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

አባቴ ለረጅም ጊዜ ጫሞን ተመለከቱ።

«ፍሬንስ የምይዘው በየትኛው ነው?» አሉ።

«በቀኝዎ።»

«ቀኙስ ዝም ያለ ቀን ማን ይነግረኛል?»

መልስ አልነበረኝም። ቀኙ እግራቸው ላይ ሐኪሟ ክሩን ስትነካ ካሥሩ አራቱን ብቻ ነበር «አዎ» ያሉት፤ ይህን እኔም እርሳቸውም ቆጥረነዋል። አባቴ ቁጥሩን ከእኔ ቀድመው ወደ መንገድ ተርጉመውት ኖሯል። የሚቃጠለው ፍሪሲዮን ብቻ ከሆነ ሰው አይጎዳም፤ ፍሬን ግን በሲቀላ ገበያ መካከል ነው የሚያዝ፤ በሕፃናት፣ በባጃጅ፣ በሙዝ ጋሪ መካከል።

ኪሳቸውን ዳበሱና ሁለተኛውን ቁልፍ አወጡ፤ እኔ የማላውቀውን፣ ለክፉ ቀን የያዙትን። መሳቢያው ውስጥ፣ ደረሰኙ ላይ አስቀመጡት።

«ሥራው ሲያልቅ እግር ይረፍ» አሉ። ከዚያም እንደ ድሮው ቆጣ ብለው «በል ንዳ! አክስትህ ሙዟን አልበላችም» አሉኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጨንቻ ወጣን። ማርሽ በቀየርሁ ቁጥር አባቴ ወደ ግራ እግሬ በዓይናቸው ጠቀስ ያደርጋሉ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጠመዝማዛው ላይ፣ «ልቀቃት» አሉኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ እውነታቸውን ነው፤ እግሬ ሳላውቀው ፔዳሉ ላይ አርፎ ነበር።

አሮጌው ዲስክ ዛሬም ማንጎው ላይ ተሰቅሏል፤ እናቴ ዶሮዎቹን ስትጠራ በማንኪያ ትመታዋለች። መኪናዋን እኔ በሄድሁ ቁጥር እነዳታለሁ፤ በቀረው ጊዜ ከባጃጅ ልጆቹ አንዱ፣ አባቴ ራሳቸው ያስተማሩት፣ ለለቅሶና ለገበያ ያደርሳቸዋል። እኔም በየእሑዱ መደወሌን ትቼ በየምሽቱ እደውላለሁ። «እንደምን ነዎት?» አልልም። «አባባ፣ እግርዎን በመስተዋት አይተውታል?» እላለሁ። አንዳንድ ቀን «አይቼዋለሁ» ይሉኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ «ቆይ» ይሉና ስልኩን ያስቀምጣሉ፤ ካልሲ ሲወልቅ፣ ርጩማ ሲጎተት፣ እናቴ መብራት ስታቀርብ ይሰማኛል። ያኔ ስልኩን ሳልዘጋ እጠብቃለሁ።